ኤም የማትነበብበት ሳምንት

እሁድ፣ ህዳር 15

ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ። የነቢያት ጾም ዛሬ ገብቷል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ሁሉ አይብ ወይም ሥጋ ስለማያጣ ስንቅ ይዞ መውጣት ይሻላል። መድረሻችን ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው፤ 400 ማይል ገደማ።

እህቴ ኮሎምበስ ከገባች ቆይታለች። ልጇ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ክረምት ላይ ደውላ "ጋሼ፣ አንተ የታፔላ ሰው አይደለህ? የሚሺጋን ሳምንት መጥተህ የግቢያችንን ታፔላ ካላየህ አኮርፍሃለሁ" አለችኝ። የሚሺጋን ሳምንት የሚሉት ከባላንጣቸው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በአሜሪካ እግር ኳስ የሚጋጠሙበትን ሳምንት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ይዤው ነበር።

እውነቷን ነው፣ እንጀራዬ ታፔላ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ከአንድ እጁ ከተባረከ ጸሐፊ ሥር በብሩሽና በዘይት ቀለም ጀመርኩ። እዚህ ስመጣ ብሩሹ ቀርቶ ስቲከር የሚቆርጥ ማሽን ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው፦ ፊደል በሩቅ እንዲነበብ ማድረግ። የትም አገር ስሄድ ከሰው በፊት ዓይኔ የሚያርፈው የተጻፈው ላይ ነው።

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብሪዝውድ የምትባል ቦታ አለች። ሀይዌይ 70ን ይዞ የሚመጣ መኪና ሁሉ እዚያ ድንገት ተራ መንገድ ላይ ይወጣል፣ ትራፊክ መብራት ይቆማል፣ ከዚያ ተመልሶ ሀይዌይ ይገባል። በዚህች አጭር መንገድ ግራና ቀኝ የነዳጅ ማደያው፣ የሞቴሉ፣ የበርገር ቤቱ ታፔላ በረጅም ብረት ላይ ተደራርቦ ተሰቅሏል። ሁሉም የሚናገረው ለማያውቀው መንገደኛ ነው። ቁም፣ ብላ፣ ቅዳ፣ እደር። እኔ የተማርኩት ታፔላም እንዲህ ነበር፤ አሠሪዬ "ታፔላ ለእንግዳ ነው፣ የሰፈሩ ሰውማ ሱቁን ያውቀዋል" ይለኝ ነበር። ይህን አባባል ሳምንቱን ሙሉ ሳላነሳው አልቀረሁም።

ዊሊንግ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ተሻገርን። ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ስንገባ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል።

ሰኞ፣ ህዳር 16

ጠዋት የእህቴ ልጅ ግቢውን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። ከ60,000 በላይ ተማሪ ያለበት ግቢ ስለሆነ በእግር የሚያልቅ አይደለም። ሃይ ስትሪትን ይዘን ሄድን። ቡና ቤቱም፣ መጽሐፍ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም መስታወቱ ላይ ቀይና ግራጫ ነገር ለጥፏል። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1870 ነው (ከአሁን በኋላ የምጽፈው ዓመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ቀለሙን የመረጡት ተማሪዎች ናቸው፣ በ1878። ሦስት ተማሪዎች ኮሚቴ ሆነው መጀመሪያ የመረጡት ብርቱካናማና ጥቁር ነበር። በኋላ ፕሪንስተን ቀድሞ እንደያዘው ሲያውቁ ትተውት ደማቅ ቀይና ግራጫ አደረጉት። ደግ አደረጉ። እንደ ባለሙያ ከጠየቃችሁኝ ግራጫ ለቀይ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ አይጋፋውም፣ ቀዩን ብቻውን ያወጣዋል።

የመንገድ ስም ታፔላ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። "ይሄስ ለምን ቀይ አልሆነም?" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ አገር የመንገድ ስም ታፔላ ቀለሙ እንደ ልብ አይደለም። የፌዴራል የትራፊክ ምልክት መመሪያ አለ። የ2009ኙ እትም ለመንገድ ስም የፈቀደው መደብ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ ወይም ነጭ ነው። ሌሎቹ ቀለሞች ሥራ ተሰጥቷቸዋል። ቀይ ለማቆሚያና ለክልከላ፣ ብርቱካናማ ለመንገድ ጥገና፣ ቢጫ ለማስጠንቀቂያ፣ ሐምራዊ ለኤሌክትሮኒክ ክፍያ መንገድ። ስለዚህ ቀለሙ ሰማያዊ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ዕድለኛ ነው፣ ቀለሙን መንገዱ ላይ መስቀል ይችላል። ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሆነው ግን ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቀለሙን ልስቀል ቢል ከመመሪያው ጋር ይጋጫል። ዓርማውን በታፔላው ጫፍ ላይ በትንሹ ማስገባት ይፈቀድለታል፤ መደቡን ግን መለወጥ አይችልም።

"ያናድዳል" አለች። እኔ ግን መመሪያው ልክ ነው እላለሁ። ሹፌር በሩቅ ቀይ ሲያይ ሳያስብ እግሩ ፍሬን ላይ መሄድ አለበት። ቀዩን በየማዕዘኑ ለስም ከበተንከው፣ ልጅ መንገድ ስታቋርጥ የቆመው ቀይ ታፔላ ጉልበት ያጣል። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ቆይ፣ እኛ እንዴት እንደምናደርገው ነገ ታያለህ" አለች።

ማታ ዶርሟ በር ላይ ቀይ ቴፕ ይዛ አገኘኋት። ከጓደኞቿ ጋር ናት። የዶርሟ ስም ውስጥ ኤም (M) የምትባለው ፊደል አለች። በዚህ ሳምንት ግቢው ውስጥ ያለች ኤም ሁሉ በቀይ ቴፕ ኤክስ ይደረግባታል፤ ኤም የሚሺጋን ናትና። ሚሺጋንን በስሙ አይጠሩትም፣ "ያ የሰሜኑ ቡድን" ነው የሚሉት። ከ1951 እስከ 1978 ቡድናቸውን ያሠለጠነው ዉዲ ሄይስ እንዲያ ይል እንደነበር ሁሉም ይናገራል።

እጄን መያዝ አልቻልኩም። ቴፑን እየጎተተች ስትለጥፍ መሃሉ አየር ይይዛል። "ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር በአውራ ጣትሽ ተጫኚው" አልኳት። ሌላም አሳየኋት፦ መጨረሻው ላይ ጣት የምታህል ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ መቅረት አለበት። ሲላጥ በዚያ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይነሳል፣ ሙጫ አያስቀርም፣ ከሥሩ ያለውን ቀለምም አይልጥም። የሰው ታፔላ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ ሲነሳ እንደነበረ መመለስ አለበት። ይህን ከተክለሃይማኖት ይዤው የመጣሁት ሕግ ነው። ጓደኞቿም እያጠፉ ለጠፉ።

ማክሰኞ፣ ህዳር 17

ጠዋት ስንወጣ ግቢው ሌላ ሆኗል።

ቶምፕሰን ቤተ መጻሕፍት፣ ኤሟ የለችም። ኦቫል የሚሉት ሰፊ መስክ ዳር ያለው ሜንደንሆል ላቦራቶሪ፣ የለችም። መርሾን አዳራሽ፣ የለችም። ሕክምናው ጋ "ሜዲካል" የሚል ቃል በየአቅጣጫ ጠቋሚው ላይ ስላለ ኤክሱ ብዛቱ ለጉድ ነው። "ሙዚየም"ማ ሁለት ኤም ስላላት ሁለት ጊዜ ተመታች። እኔ በዞርኩበት የፍጥነት ገደብ ምልክት ላይ ግን ቴፕ አላየሁም፣ እሱም ላይ ኤም እያለች። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። የአንድ ሕንፃ ስም ነው። ሁለት ቁራጭ ቴፕ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል። ጫፉ በመቀስ ሳይሆን በጥርስ የተቆረጠ ነው፣ ጥርሱ ይታወቃል። ፊደሉ በማሽን የተሠራ፣ ልኩን የጠበቀ፣ ከሺህ ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ ነው። ከላዩ ያረፈችው ኤክስ ግን የአንድ ሰው እጅ ናት። ብሩሽ ካስቀመጥኩ ወዲህ የሰው እጅ ያለበት ታፔላ እንዲህ በብዛት ያየሁት ያን ቀን ነው።

የገረመኝ ደግሞ ማንም መንገድ አልሳተም። አንዲት ፊደል ስትጎድል ሰው ቃሉን በሙሉ ያነበዋል። እንዲያውም ከወትሮው አስተውሎ ያነበዋል፣ በሌላ ጊዜ ቀና ብሎ የማያየውን ስም ኤም ፍለጋ ብሎ ያነበዋል። የእህቴ ልጅ በዚያ ሕንፃ ፊት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ስሙን ያወቀችው አምና በዚህ ሳምንት ነው።

ማታ ስልኬን አብርቼ ተመለስኩ። ለዚህ ምክንያት አለኝ። የመንገድ ታፔላ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ሽፋን ብርሃን ሲያርፍበት ወደ መጣበት መልሶ ይልከዋል፤ ውስጡ ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት ወይም ፕሪዝም አለው። ለዚህ ነው የመኪና መብራት ሲነካው የሚያበራው። ተራ ቀይ ቴፕ ይህ የለውም። መብራቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቋሚ አዞርኩት፣ ፊደሎቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ተነሱ፣ ኤም ያለችበት ቦታ ግን ጥቁር ኤክስ ሆኖ ቀረ። ቀን ቀይ፣ ሌሊት ጥቁር። ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። አፏን ይዛ ቆመች፤ ወዲያው ጓደኞቿን ልትጠራ ሮጠች። ስድስት ልጆች በብርድ ስልካቸውን አብርተው አንድ ታፔላ ፊት ቆሙ።

ረቡዕ፣ ህዳር 18

ስታዲየሙ። በ1922 ተከፍቶ ዛሬ 102,780 ሰው ይይዛል። ቅርጹ የፈረስ ጫማ ብረት ስለሚመስል ቅጽል ስሙም እሱ ነው። ደጃፉ ላይ በጄሲ ኦወንስ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። በ1936 በርሊን ላይ 4 ወርቅ ያመጣው ሰው የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ተማሪ ሳለ ግን ጥቁር ስለሆነ ግቢው ውስጥ ማደር አልተፈቀደለትም። ውጭ ተከራይቶ፣ እየሠራ ነው የተማረው። ዛሬ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። ስም ታፔላ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሰውየው ምን እንዳለፈ ታፔላው አይነግርህም፣ ጠይቀህ ማወቅ አለብህ። የእህቴ ልጅ ታውቀው ነበር። እሷ ናት የነገረችኝ፣ እያንዳንዱን ነገር፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ።

ሐሙስ፣ ህዳር 19

ታንክስጊቪንግ። ልጆቹ ተርኪ በሉ፣ እኛ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። አንድ ገበታ ላይ ሁለቱም ተቀምጦ ማንም ማንንም አልተናነቀም። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣንም።

አርብ፣ ህዳር 20

የሌላውን ወገን ሳላይ ብመለስ ፍርዴ ጎደሎ ነው ብዬ ወደ ሰሜን ነዳሁ። አን አርበር 3 ሰዓት ገደማ ነው። ልጅቷ አብራኝ መጣች፣ ቀይ ሹራቧን ግን አላወለቀችም።

መሃል ላይ ቶሊዶ አለች፤ ጠቡ የጀመረው በእሷ ነው። በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን ቶሊዶ የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ብለው ሚሊሺያ አሰልፈው ነበር። ደም እንደሚፈስ ተፈርቶ አንድ የሚሺጋን ሹም በቢላ ከመቁሰሉ በቀር የሞተ የለም። በመጨረሻ ቶሊዶ ለኦሃዮ ተሰጠች። ለሚሺጋን ደግሞ በካሳ መልክ የላይኛው ልሳነ ምድር ተሰጠውና በ1837 ክፍለ ሀገር ሆኖ ተመዘገበ። ያኔ ጫካ ነው ተብሎ የተናቀው መሬት በኋላ መዳብና ብረት ወጣበት። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ጨዋታ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በ1897። ወሰኑን ስንሻገር ልጅቷ "አሁን ጠላት አገር ነን" አለች፣ ፈገግ ብላ።

ሚሺጋን ቀለሙን የመረጠው በ1867 ነው፦ የበቆሎ ቢጫና ሰማያዊ። ሰማያዊው ለመንገድ ስም ከተፈቀዱት አንዱ ነው፣ ስለዚህ መመሪያው ለእነሱ ይቀናል። ግቢው መሃል ዲያግ የሚሉት አደባባይ አለ። መሬቱ ላይ ከነሐስ የተሠራች ትልቅ ኤም ተተክላለች፣ የ1953 ተመራቂዎች ስጦታ ናት። አዲስ ተማሪ የመጀመሪያ ፈተናውን ሳይፈተን ከረገጣት ፈተናውን ይወድቃል ይባላል። ስለዚህ ይዞሯታል። አንድ ሩብ ሰዓት ቆሜ አየሁ። ሰው ስልኩን እያየ ይመጣል፣ ኤሟ ጋ ሲደርስ እግሩ ራሱ ጠምዘዝ ይላል። ኮሎምበስ ላይ ሌሊት ወጥተው በቴፕ የሚሸፍኗት፣ እዚህ በእግራቸው የማይነኳት አንዲት ፊደል ናት። የእኔ ሥራ ፊደል ነው፤ ፊደል እንዲህ ሲከበርና ሲጠላ አይቼ አላውቅም። ሁለቱም አንድ ነገር መሰለኝ።

ልጅቷ ኤሟ ዳር ቆመች። ትረግጣታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዞራት አለፈች።

"ምነው?" አልኳት።

"ሰኞ ፈተና አለብኝ ጋሼ" አለችኝ፣ ከልቧ።

ከዚያ ወደ ፌሪ ፊልድ ሄድን። እዚያ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በፈረንጆቹ ሜይ 25 ቀን 1935 ጄሲ ኦወንስ በዚህ ሜዳ በ45 ደቂቃ ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ ሰብሮ አንድ ጊዜ እኩል ገባ። በዝላይ 8 ሜትር ከ13 ሴንቲሜትር ነበር፣ ለ25 ዓመት ማንም አላለፈውም። ጀርባውን ታሞ ነበር የመጣው። እናም ይህን የኦሃዮ ስቴት ልጅ ስም በክብር የሰቀለው ሚሺጋን ነው። ልጅቷ ሰሌዳውን በእጇ ዳሰሰችው። ቀይ ሹራቧን ያየ አንድ ሽማግሌ ቆም ብሎ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀላትና አለፈ። ከሳምንቱ ሁሉ ይህ በልቤ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። እህቴና ባለቤቴ ሌሊት ለማኅሌት ሄዱ፣ እኔ ለቅዳሴ ደረስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ብዙ ወጣት ነጠላውን ጠቅልሎ ከሥሩ የለበሰው ቀይ ሹራብ ታየ። አንድ አባት ለአንዱ "ዛሬ ታቦት ተመልክታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ጩኹ" ሲሉት ሰማሁ።

ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ጀመረ። ልጅቷ ስታዲየም፣ እኛ ቴሌቪዥን ፊት። ብርዱ ከዜሮ በታች ነው። ኦሃዮ ስቴት ብዙ ብልጫ ይዞ ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀ ነበር። 13 ለ 10 ሚሺጋን አሸነፈ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው በእግር በተመታ ኳስ። አራተኛ ዓመት በተከታታይ መሆኑ ነው። ከጨዋታው በኋላ ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ተደባደቡ፣ ፖሊስ በርበሬ ነፋ። ይህንን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ትናንት ፌሪ ፊልድ ላይ ካየሁት ጋር ማስታረቅ አቃተኝ።

ልጅቷ ማታ ስትገባ ድምፅ የላትም። ፊቷ ላይ የተቀባችው ቀይ በእንባ ተዥጎርጉሯል። እናቷ በሞቀ ፎጣ ጠረገችላት። እኔ ያልኩት ነገር የለም፣ የሚባልም አልነበረም። ቡና ተፈላ።

እሁድ፣ ህዳር 22

ከመውጣታችን በፊት ዶርሟ ጋ አደረስናት። ኤክሶቹ እንዳሉ ናቸው። ግቢው ባዶ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ የወደቀ ጽዋና ባርኔጣ ብቻ። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ በሩ ላይ ያለችውን የራሷን ኤክስ ፈለገች። ጫፏን አገኘች፣ ያጠፈችው ቦታ። በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ሳበች። ቴፑ ሳይበጠስ መጣ። ከሥሩ ፊደሏ ንጹህ ናት፣ አንዲት የሙጫ ነጠብጣብ የለባትም። ሁለተኛውንም አነሳችና ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ለሱቅህ" አለችኝ።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ብትሄዱ መንገዱን በታፔላው ስም የሚጠራ ሰው አታገኙም። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከሐውልቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚባለው። እዚህም ልጆቹ መንገዱን ያውቁታል፣ ታፔላ አያስፈልጋቸውም። ግን ወጥተው በእጃቸው ነኩት። አሠሪዬ በሕይወት ቢኖር ይህን ልነግረው እወድ ነበር፣ የሚለውንም መስማት እወድ ነበር።

መመለሻው ያው መንገድ ነው። ዊሊንግ፣ ብሪዝውድ፣ ያው የተደራረበ ታፔላ። ባለቤቴ ተኝታለች። ቀዩ ቴፕ መሪው አጠገብ ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ፔንሲልቬንያን ጨርሰን ወሰኑ ጋ ስንደርስ "ሜሪላንድ" የሚለው ትልቁ ታፔላ ከሩቅ ታየኝ፣ ከሁሉ በፊት ያነበብኩት የመጀመሪያዋን ፊደል ነበር።